ያልተቆጠረው ደም
«ቦኒ እና ክላይድ» የተባለው ፊልም ከአዳሚ ቱሉ ሲታይ

ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ የሚያመራው አውራ ጎዳና የዝዋይን ሐይቅ በስተግራ ትቶ የባቱን ከተማ ካለፈ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዘ አዳሚ ቱሉ ይደርሳል። ስሙ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው። በዚህች የመንገድ ዳር ከተማ አንድ ቅዳሜ ምሽት አራት መምህራን፣ ጥቂት ተማሪዎችና የግቢው ባለቤት የሆኑት አዛውንት በአንድ ባልደረባችን ቤት ተሰብስበን፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ «ቦኒ እና ክላይድ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ተመለከትን። ፊልሙን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። የሁለቱን ፍቅረኞች ስም በዘፈን ሲጠራ ሰምተው ስለ ነበረ ታሪካቸውን ለማወቅ ጓጉተዋል። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚቀናው አንዱ መምህር ንግግሩን እየተከተለ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ይተረጉም ነበር።

ፊልሙ ሲያበቃ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። ከተማሪዎቹ አንዷ ዓይኗን ጠረገች። አንዱ ወጣት መዋደድ ማለት እስከዚህ ድረስ ነው አለ፤ ጓደኞቹም ተስማሙ። በዚህ ጊዜ ሁላችንም ኦቦ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት በትርን አገጫቸው ሥር እንዳስደገፉ፣ «ያ ከመኪናዋ ላይ የተንጠለጠለው ሰውዬስ የማን ልጅ ነበረ? ጉማውን ማን ከፈለ?» ሲሉ ጠየቁ።

ከመምህራኑ መካከል ለጥያቄው መልስ ያገኘ አልነበረም። ይህም ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያው ጥያቄ ነው። ጥያቄው የዋህ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በዚህ ጸሐፊ እምነት ስለዚህ ፊልም ሊነሡ ከሚችሉት ጥያቄዎች ሁሉ ወደ ሥራው ልብ የሚገባው እርሱ ነው።

የፊልሙ አነሣሥ

«ቦኒ እና ክላይድ» በዳይሬክተር አርተር ፔን ተዘጋጅቶ በ1959 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1967) ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበ ሥራ ነው። ድርሰቱን የጻፉት ዴቪድ ኒውማንና ሮበርት ቤንተን ናቸው። እነዚህ ሁለት ጸሐፊዎች ድርሰታቸውን አስቀድመው ያሳዩት ለፈረንሳዮቹ ለፍራንሷ ትሩፎና ለዣን ሉክ ጎዳር ነበር። ሁለቱም ሳያዘጋጁት ቀርተው በመጨረሻ ፕሮዲዩሰርም ዋና ተዋናይም በሆነው በዋረን ቤቲ አማካይነት ወደ ፔን እጅ ገባ። ክላይድን ራሱ ዋረን ቤቲ፣ ቦኒን ፌይ ደነዌይ፣ የክላይድን ወንድም በክን ጂን ሃክማን፣ የበክን ሚስት ብላንሽን እስቴል ፓርሰንስ፣ መኪና ነጂውንና ጥገና ዐዋቂውን ልጅ ማይክል ፖላርድ ይጫወታሉ።

ፊልሙ እንደ ወጣ የሂስ ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ቦዝሊ ክራውዘር ግድያን እንደ ጨዋታ አቅርቧል ብሎ አጥብቆ ነቀፈው። ፖሊን ኬል በበኩሏ በኒውዮርከር መጽሔት ረዥም ሐተታ ጽፋ ተከራከረችለት። ፊልሙ በኋላ ለ10 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ ሁለቱን አገኘ፤ አንዱ የእስቴል ፓርሰንስ፣ ሌላው የካሜራ ባለሙያው የበርኔት ገፊ ነው።

ታሪኩ ከእውነተኛ ሕይወት የተቀዳ ነው። ክላይድ ባሮው በ1909፣ ቦኒ ፓርከር በ1910 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ተወለዱ። እርሱ የሌላውን መሬት ከሚያርስ ድኻ ቤተሰብ የወጣ ነው። እርሷ አባቷን በልጅነቷ አጥታ ኋላ በምግብ ቤት አስተናጋጅነት የሠራች ወጣት ነበረች። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በመኪና ከግዛት ወደ ግዛት እየተዘዋወሩ ባንክ፣ ነዳጅ ማደያና ሱቅ ዘረፉ። ግንቦት 15 ቀን 1926 ዓ.ም. በሉዊዚያና ግዛት፣ በገጠር መንገድ ላይ፣ አድፍጠው የጠበቋቸው ስድስት የሕግ አስከባሪዎች በጥይት እሩምታ መኪናቸው ውስጥ ገደሏቸው። ቡድኑ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ያጠፋው የሰው ሕይወት 13 ያህል ይገመታል፤ አብዛኞቹ ሟቾች ፖሊሶች፣ የተቀሩት ተራ ሰዎች ነበሩ።

ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ፊልሙ የሚናገረው እውነት

በመጀመሪያ ለሥራው የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ፔን ሕዝብ ወንጀለኛን ለምን እንደሚወድ ያውቃል፤ ያንንም ያለ ስብከት በተጨባጭ ያሳያል።

ከትዕይንቶቹ አንዱ እንዲህ ነው። ቦኒና ክላይድ ሰው በሌለበት የእርሻ ቤት አድረው ጠዋት ክላይድ ተኩስ ሲያስተምራት፣ አንድ ገበሬ ሚስቱንና ልጆቹን፣ የቤት ዕቃውንም በአሮጌ መኪና ጭኖ ይመጣል። ቤቱ የእርሱ ነበረ። ባንክ ወስዶበታል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ሊያየው ነው የመጣው። በግቢው የተተከለው ሰሌዳ ንብረቱ የባንኩ መሆኑን ያውጃል። ክላይድ ሰሌዳውን በጥይት ይመታና ሽጉጡን ለገበሬው ያቀብለዋል። ገበሬው ይተኩሳል፤ ከእርሱ ጋር ያርስ የነበረውን ጥቁር ሠራተኛም ጠርቶ ያስተኩሰዋል። ክላይድ የሁለቱ ሥራ ባንክ መዝረፍ መሆኑን የሚናገረው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ሲናገር ገና አንድም ባንክ አልዘረፉም። ከገበሬው ኀዘን የወጣው ቃል ለወንበዴው ማዕረግ ሆነለት።

በዚህ ትዕይንት ላይ አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ የሚታየው የአርሲ ምድር ነው። ይህ ፊልም በወጣበት ዓመት ገደማ በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ማዳረስ ጀመረ። ምርቱ ሲያድግ የመሬቱ ዋጋ ዐደገ። ባለ መሬቶችም ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን ከይዞታቸው አፈናቀሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ ያንን ሥርዓት እስኪሽረው ድረስ፣ ዕቃውን በአህያና በጀርባው ተሸክሞ የተወለደበትን ቤት ዞር ብሎ እያየ የሄደ ቤተሰብ በዚህ አካባቢ እንግዳ አልነበረም። የቴክሳሱን ገበሬ ለማወቅ ለአዳሚ ቱሉ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ትዕይንት ወደ መጨረሻው ገደማ ይመጣል። በክ ሞቶ፣ ብላንሽ ተይዛ፣ ቦኒና ክላይድ ቆስለው በውኃ ዳር የሰፈሩ ስደተኛ ድኾች ዘንድ ይደርሳሉ። ሰዎቹ ወደ መኪናዋ ቀስ ብለው ይጠጋሉ። ውኃ ይሰጣሉ፤ ሾርባ ያቀብላሉ፤ አንዱ የክላይድን አካል እንደ ንዋየ ቅድሳት በጣቱ ጫፍ ይነካል። ከዘረፋው አንዳች ያልደረሳቸው ሰዎች ናቸው፤ ግን ወደዷቸው። ፔን ይህን ያሳየው ቃል ሳያበዛ ነው። ለሽፍታ የማደሪያና የስንቅ ጉዳይ የሕዝብ ፍቅር ጉዳይ መሆኑን የምናውቅ እኛ ትዕይንቱን አሳምረን እንረዳዋለን።

ሦስተኛው የሴቲቱ ነገር ነው። ቦኒ የወንድ ጥላ አይደለችም። ፊልሙ የሚከፈተው በእርሷ መሰልቸት ነው፤ ጠባብ ክፍል፣ ሙቀት፣ እንደ እስር ቤት ፍርግርግ የሚታይ የአልጋ ብረት። ከክላይድ ጋር የወጣችው ገንዘብ ፈልጋ ብቻ አይደለም። ስም ፈልጋ ነው። ስለ ራሳቸው ግጥም ጽፋ ግጥሙ በጋዜጣ ሲወጣ ክላይድ ሰው እንዳደረገችው ይሰማዋል። ደራሲዎቹ እዚህ ላይ ጥልቅ ነገር ነክተዋል፤ ማንም ያልቈጠረው ሰው ለመቈጠር ሲል እስከ ሞት ይሄዳል።

የለቅሶው ወገን

እንግዲህ ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ።

ከመኪናዋ ላይ የተንጠለጠለው ሰው የባንክ ሠራተኛ ነው። መኪና ነጂው ልጅ ሌሎቹ እስኪዘርፉ ድረስ መኪናዋን በሁለት መኪኖች መካከል አጣብቆ ስላቆማት መውጣት ያቅታቸዋል። እስከዚህ ድረስ ትዕይንቱ ያስቃል፤ የባንጆው ሙዚቃም ከሣቁ ጋር ይሄዳል። በዚህ መካከል ሰውዬው ሮጦ መኪናዋ ላይ ይንጠላጠላል። ክላይድ ደንግጦ በመስኮቱ ውስጥ ፊቱን ይመታዋል። መስተዋቱ ይሰነጠቃል፤ የሰውዬው ፊት በደም ተሸፍኖ ለቅጽበት ይታያል፤ ሣቁም በተመልካቹ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል። ይህ በእውነት የታላቅ አዘጋጅ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከዚህም ይበልጣል። ገዳዮቹ ሸሽተው ሲኒማ ቤት ይገባሉ። መጋረጃው ላይ ያጌጡ ልጃገረዶች ስለ ገንዘብ መትረፍረፍ እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። ክላይድ ሰው በማስገደሉ መኪና ነጂውን በሹክሹክታ ይገሥጸዋል፤ እጁም አላረፈም። ቦኒ ግን ዓይኗን ከመጋረጃው ሳትነቅል ዝም እንዲሉ ትቈጣቸዋለች፤ ጭፈራው ማርኳታል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ሰው ሞቷል፤ እርሷ ግን ፊልም እያየች ነው።

ፔን በዚህች አንዲት ትዕይንት ራሱን ሒስ አድርጓል። በጨለማ ውስጥ ተቀምጠን በመጋረጃው ውበት የተማረክን፣ የሟቹን ፊት የረሳን እኛው ነን። አዘጋጁ በሩን ከፍቶ አሳየን። ይሁንና ከዚያ በኋላ በሩን መልሶ ዘጋው። ስለዚያ ሰው ማንነት ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ አንዳች አንሰማም። ሚስት ይኑረው ልጅ፣ ማን እንደ ቀበረው፣ እናቱ መርዶውን በምን ሁኔታ እንደ ሰማች አናውቅም። ከእርሱ በኋላም በተኩስ ልውውጡ የሚወድቁት ፖሊሶች ከሩቅ የሚታዩ ልብሶች ናቸው እንጂ ፊት የላቸውም።

ይህን ስንል፣ ፊልሙ የቤተሰብ ኀዘን ማሳየት ስላልቻለ ነው ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል። ችሏል። ቦኒ እናቷን ናፍቃ ቤተሰቧ በአሸዋማ ሜዳ ላይ የሚሰበሰብበት ትዕይንት በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ የረቀቀ ነው። ብርሃኑ እንደ ጉም ደብዝዟል፤ ድምፁ ርቋል፤ ልጆች በቀስታ ይንከባለላሉ። ክላይድ ወደፊት ከእናቲቱ አቅራቢያ ቤት ሠርተው እንደሚኖሩ ሲያወራ፣ አሮጊቷ ይህ ቢሆን ልጅዋ በሕይወት እንደማትቈይ፣ የሚሻላቸው መሸሽ መሆኑን በደረቅ ድምፅ ትነግረዋለች። ይህ ከሞት አስቀድሞ የተቀመጠ ለቅሶ ነው። ፔን ለቅሶ ማሳየት ያውቅበታል፤ ያሳየው ግን ለአንድ ወገን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት ይህን ያጸናዋል። በተለያየ ፍጥነት በሚቀርጹ ካሜራዎች የተነሣውን፣ በአዘጋጇ በዲዲ አለን እጅ ተቀናጅቶ የቀረበውን የሁለቱን ሞት ያየ አይረሳውም። ወፎች ከቁጥቋጦው ብር ይላሉ፤ ሁለቱ ለመጨረሻ ጊዜ ይተያያሉ፤ ከዚያ እሩምታው። አካላቸው በቀስታ እንደ ጭፈራ ይወድቃል። ለእነዚህ ሁለት ሞቶች የጥበቡ ኀይል ሁሉ ወጣ። ለሌሎቹ የተሰጠው ጊዜ አንድ የተሰበረ መስተዋት ነው።

እውነተኛው ታሪክ ግን ሌላ ነገር አቅርቦ ነበር። መጋቢት 23 ቀን 1926 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ከመሞታቸው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በቴክሳስ ግሬፕቫይን በተባለ ስፍራ ሁለት የሞተር ብስክሌት ፖሊሶች በቡድኑ ጥይት ተገደሉ። ከሁለቱ አንዱ ለሠርጉ የቀረው ሁለት ሳምንት ያህል ነበረ። ይህ በሰፊው የታወቀና በጊዜው የሕዝቡን ስሜት በቡድኑ ላይ ያዞረ ጉዳይ ነው። በፊልሙ ውስጥ የለም። የፍቅር ታሪክ እንሠራለን ብለው የተነሡ ሰዎች፣ በጥይታቸው ማዶ ሌላ የፍቅር ታሪክ ወድቆ ሳለ አልፈውት ሄዱ።

አሳዳጃቸው የነበረው ፍራንክ ሄመር የቀረበበትም መንገድ ከዚሁ ይቈጠራል። በፊልሙ ፍቅረኞቹ ይማርኩትና እያፌዙ ፎቶግራፍ ያነሡታል፤ ኋላ የሚያደፍጥባቸው ለዚያ ውርደት በቀል ይመስላል። በእውነቱ ሄመር እስከዚያች የግንቦት ማለዳ ድረስ በእጃቸው ወድቆ አያውቅም። ቤተሰቦቹም በዚሁ ምክንያት የፊልም ኩባንያውን ከስሰው ጉዳዩ በስምምነት አልቋል። የሄመርን ቂም በሐሰት ፈጥሮ ማስገባት፣ የሟቾቹን ወገን እውነተኛ ኀዘን ለመተው መንገድ ጠርጓል። ቂመኛ አሳዳጅ ካለ ተመልካች ለተሳዳጁ ያዝናል፤ ከኋላው የቆሙትንም አልቃሾች አያይም።

ጉማ እንደ ሒስ ሚዛን

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የስምጥ ሸለቆ ኦሮሞ ይህን አባባል በተረት ብቻ አልተወውም፤ ሥርዓት አበጀለት። ጉማ የዚያ ሥርዓት ስም ነው።

ሰው ሲገደል ገዳዩ ብቻውን አይቆምም፤ ጎሣው ከእርሱ ጋር በዕዳው ይቆማል። ሟቹም ብቻውን አልሞተም፤ ወገኑ ሁሉ ጐድሏል። የአገር ሽማግሌዎች፣ ጃርሳ ቢያ የሚባሉት፣ በመካከል ይገባሉ። በመጀመሪያ የሚፈለገው እውነቱ በአደባባይ እንዲነገር ነው፤ ማን ገደለ፣ ማንን ገደለ፣ እንዴት ሆነ። ከዚያ ካሳው ይተመናል፤ እንደ ልማዱ በከብት ይቈጠር ነበረ። እርቁ እስኪፈጸም ድረስ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ማዕድ አይቀርቡም። ሲፈጸም ደሙ ተዘጋ ይባላል፤ የሟቹ ወንድም በቀልን ይተዋል፤ የሁለቱ ወገን ልጆችም ያለ ፍርሃት በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

ጉማ እንከን የሌለበት ነው ማለታችን አይደለም። የሽማግሌዎቹ ጉባኤ በአብዛኛው የወንዶች ጉባኤ ሆኖ የኖረ ነው፤ የግድያን ወንጀል መዳኘትም የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። እዚህ ላይ ግን ጉማን የምናነሣው ለሕግ ሳይሆን ለሒስ ነው። ጉማ ወንጀልን የሁለት ወገን፣ ማለት የገዳዩና የአሳዳጁ፣ ጉዳይ አድርጎ አያይም። ሦስተኛ ወገን ያስገባል፤ እርሱም ለቅሶ ቤቱ ነው። «ቦኒ እና ክላይድ» ሽፍታና ፖሊስ አሉት፤ ለቅሶ ቤት የለውም። አዛውንቱ በአንዲት ጥያቄ የለዩት ጉድለት ይህ ነው።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን ሲኒማ ባዕድ አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በሚሼል ፓፓታኪስ አዘጋጅነት የተሠራው ፊልም ርእሱ ራሱ «ጉማ» ነበር፤ የያዘውም የደም ዕዳንና የካሳን ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የፊልም ጥበብ ገና በእግሩ ሊቆም ሲሞክር ከመረጣቸው ጥቂት ጉዳዮች አንዱ፣ ከግድያ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል። የሆሊውድ ፊልም በእሩምታው ያበቃል። የእኛ ፊልም ከተኩሱ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ርእሱ አደረገ።

የእኛ ሽፍቶችና ፍቅራቸው

አንዳንድ አንባቢ ይህ ሁሉ የሌላ አገር ታሪክ ነው፤ እኛን ምን አገባን ሊል ይችላል። ያገባናል። ምክንያቱም የእኛም ሥነ ጽሑፍና ቲያትር ከሽፍታ ጋር ረዥም ፍቅር አለው።

በቋራ በረሓ ሸፍቶ የኖረው ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የእርሱና የተዋበች ታሪክ በአገራችን ከሚታወቁት የሽፍታ ፍቅሮች ሁሉ የላቀው ነው። ተዋበች የራስ አሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ነበረች። ለካሳ የተዳረችው ያንን እምቢተኛ በጋብቻ ለማሰር ታስቦ ነው። እርሷ ግን ባልዋ በአባቷና በአያቷ ላይ ሲነሣ ከባልዋ ጋር ቆመች። በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት አባቷ ድል ሲሆን ድሉ የባልዋ ነበረ። በ1850 ዓ.ም. ስትሞት የንጉሡ ጠባይ ከዚያ በኋላ እንደ ተለወጠ ብዙዎች ተርከዋል። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» ሁሉም ከዚህ ሰው ሕይወት የተቀዱ ናቸው።

በልብ ወለድ በኩልም በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አበጀ በለውን ሰጥቶናል። አበጀ ገበሬውን አስተባብሮ የፊታውራሪ መሸሻን የግፍ ግብር እምቢ ያለ ሰው ነው። አንባቢ ሁሉ ይወደዋል። ይህን ጸሐፊ ግን የሚደንቀው ሌላ ነገር ነው። ሐዲስ ፊታውራሪ መሸሻን የሚገባውን ያህል ሲያፌዝበት፣ በተሸናፊው ቤት ውስጥ ያለውን ኀዘንም አይሸሽግም፤ የመሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል የመጽሐፉ ልብ ናት። ደራሲው የአመፁን ፍትሓዊነት ሳይጠራጠር፣ አመፁ የተነሣበትን ቤት ከውስጥ አሳየን። ይህ ልግስና በ«ቦኒ እና ክላይድ» ውስጥ የጐደለው ነገር ነው።

አማርኛም ልዩነቱን ያውቃል። ሽፍታ አንድ ቃል ነው፤ ወንበዴ ሌላ፤ ቀማኛ ሌላ። ደሙን ሊመልስ የሸፈተ አለ፤ ርስቱን ተነጥቆ የሸፈተ አለ፤ ዘርፎ ለመብላት ጫካ የገባ አለ። ሕዝቡ ለመጀመሪያዎቹ እንጀራ ያቀብላል፤ ከመጨረሻው በሩን ይዘጋል። ፔን ሦስቱን በአንድ ልብስ አለበሳቸው፤ ልብሱም አማረ። ክላይድ ከገበሬው ቤት ፊት የተናገረው ቃል ባለ ርስት ሽፍታ ያስመስለዋል። በባንክ ውስጥም አንድ ገበሬ የያዘው ገንዘብ የራሱ መሆኑን ጠይቆ ይተውለታል። ነገር ግን ከባንኩ ሌላ የተዘረፉት፣ የገደሏቸውም ሰዎች ባብዛኛው እንደ እነርሱ የድኻ ልጆች ነበሩ። ባንኩ ገንዘቡን መልሶ ያገኛል፤ የሠራተኛው እናት ልጇን አታገኝም።

ለሙያተኞቻችን

እዚህ ላይ ከወጣቶቹ ተማሪዎች ጋር የተነሣውን ክርክር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። አንዱ ተማሪ እንዲህ አለ፤ ፊልም ፍርድ ቤት አይደለም፤ ስለ ሁለት ሰዎች የተሠራ ፊልም ስለ ሁሉም ሰው ሊያለቅስ አይችልም። ይህ የማይናቅ መከራከሪያ ነው። ጥበብ መምረጥ ግዴታዋ ነው፤ ሁሉን የሚቈጥር መዝገብ እንጂ ድርሰት አይሆንም።

መልሳችን ግን እንዲህ ነው። ከፊልሙ የፈለግነው 13 ለቅሶ አይደለም፤ አንድ ነው። ፔን ለቦኒ እናት ከሰጠው ጊዜ ጥቂቱን ለዚያ የባንክ ሠራተኛ ቤት ቢሰጥ፣ የፍቅረኞቹ ሞት ያነሰ አያሳዝነንም ነበር። ይልቁንም ኀዘናችን ይከብድ ነበር፤ ምክንያቱም የምንወዳቸው ሰዎች ምን እንዳደረጉ ዐውቀን እንወዳቸው ነበርና። ሳያውቁ መውደድ ቀላል ነው። ታላቅ ጥበብ የሚፈትነን ዐውቀን እንድንወድ ነው።

የእውነተኛዋ ቦኒ እናት ታሪክ በዚህ ረገድ ትምህርት አለው። ሴት ልጅዋ ከክላይድ ጎን እንድትቀበር ትሻ ነበር። እናቲቱ እምቢ አለች፤ ሁለቱም ዳላስ ውስጥ በተለያየ መቃብር ዐረፉ። አፈ ታሪኩ ሁለቱን አንድ ሲያደርግ እናት ለየቻቸው። ያ እምቢታ ከፊልሙ የመጨረሻ ትዕይንት በኋላ የሚመጣ ሌላ ፊልም ነው፤ እስካሁን ግን አልተሠራም።

በአዳማ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ፣ በአዲስ አበባም ካሜራ በእጃቸው ያለ ወጣቶች ዛሬ ብዙ ናቸው። ስለ ሽፍታ፣ ስለ ወንጀል፣ ከሕግ ስለ ወጡ ፍቅረኞች ፊልም ለመሥራት መነሣታቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ርእሱ ከዚህ ምድር የበቀለ ነው። ከ«ቦኒ እና ክላይድ» የሚማሩትም ብዙ አላቸው። ሣቅን ከድንጋጤ ጋር ማጋጨትን፣ የተነቀለ ገበሬን ያለ ዲስኩር ማሳየትን፣ ሴትን ባለ ምኞት ሰው አድርጎ መሣልን ከዚያ ይውሰዱ። የቀስታውን ሞትና የሽጉጡን ውበት ብቻ የወሰደ ግን የፊልሙን ልብስ ለብሶ አካሉን ትቶታል። ከተኩሱ በኋላ ካሜራውን ወደ ለቅሶ ቤቱ ማዞር ይልመዱ። ድንኳኑን፣ ንፍሮውን፣ በዝምታ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች፣ አባቱ ለምን እንዳልመጣ የሚጠይቀውን ሕፃን ያሳዩ። የአገራችን የሽፍታ ፊልም ከሆሊውዱ ሊበልጥ የሚችለው በዚህ ነው፤ ለዚህም ከሌላ ቦታ ሚዛን መዋስ አያስፈልገንም።

በዚያ ምሽት ተማሪዎቹ ሊበተኑ ሲነሡ፣ ዓይኗን ስትጠርግ የነበረችው ልጅ ወደ አዛውንቱ ጠጋ ብላ ጉማ ለዚያ ሰው ቢከፈል ኖሮ ማን ይቀበለው እንደ ነበረ ጠየቀቻቸው። አዛውንቱም፣ «እናቱ ካለች በእናቱ ፊት ይቈጠራል፤ ልጆቼ፣ እናንተም ስታዩት እርሷን ፈልጓት» አሏት። ፊልሙን ዳግመኛ ያየ ሰው እናቲቱን ፈልጎ አያገኛትም፤ የጐደለችበትን ቦታ ግን ያገኘዋል።